ተራራና ወንዝ በቁራኛ የታሰሩ ጊዜ

እኔ ልሙት! ከምነግራችሁ ነገር አንዲት ቃል ሐሰት ብትሆን፣ ይህቺ የቀረችኝ አንድ ጥርስ ዛሬውኑ ትውለቅ፤ ነፍሴም ተከትላት ትውጣ። እንዲህ የምምለው ገና ሳልጀምር ከንፈሩን የሚያጣምም ከመካከላችሁ ስላየሁ ነው። አጣምም፣ ግድ የለኝም። እኔ ይህን የሰማሁት ከአያቴ ነው፤ አያቴ የሰማው ከድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ደግሞ በቦታው ነበር። ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ላምጣላችሁ?

እናላችሁ፣ ድሮ ነው። ድሮ ስል የአባቶቻችሁን ድሮ አይደለም። ምድር ገና ከመለስለሷ የተነሳ ሰው ተቀምጦ ሲነሳ የመቀመጫው ቅርፅ እሷ ላይ ይቀር በነበረበት ዘመን ነው። በዚያ ዘመን አንድ ተራራ ነበር። ከፍታውን ልንገራችሁ? ንስር ከእግሩ ሥር ተነስታ ወደ አናቱ ስትበር መንገድ ላይ ትዳር ይዛ፣ ልጅ ወልዳ፣ የልጅ ልጅ አይታ ነበር የምትደርሰው። ጨረቃ እንኳ በእሱ በኩል ስታልፍ ጎንበስ ትል ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ይህ ተራራ ነቃና የጉም ኩታውን ገፈፍ አድርጎ ገላውን ቢያይ ክው አለ። ትከሻው ሳስቷል። አፈር የለበሰው ደረቱ ላይ ድንጋዩ እንደ ጎድን አጥንት ገጥጦ ወጥቷል።

“ምን ነካኝ? ታመምኩ እንዴ?” አለ።

ትከሻው ላይ አንድ ጭላዳ ተቀምጦ ነበር። ጭላዳ ያ ባለ ጎፈሩ፣ ገደል አፋፍ የሚያድረው የደጋ ዝንጀሮ ነው። ይኸኛው ቀኑን ሙሉ ሣር ይነቅላል፤ ሣር እየነቀለም ነገር ይቆሰቁሳል።

“አያ ተራራ፣ አልታመምክም፤ ተሰርቀህ ነው” አለው ሣሩን እያኘከ።

“እኔን? ማን ደፍሮ?”

“እኔ ስም አልጠራም፤ ሐሜት አልወድም። ብቻ… አናትህ ላይ ሲነሳ እንደ መስታወት ጠርቶ፣ እግርህ ሥር ሲደርስ እንደ ጠላ ደፍርሶ የሚሄደው ማን ነው? አንተው ገምት።”

ተራራው ገመተ፣ ገመተ፣ ገመተ። ተራራ ስለሆነ ለማሰብ ጊዜ ይፈልጋል።

“ወንዝ!” አለ በመጨረሻ።

“እኔ አላልኩም። አንተ ነህ ያልከው።”

ያን ጊዜ ተራራው “በሕግ አምላክ!” ብሎ ጮኸ። ይህን ቃል የሰማ ሁሉ ባለበት ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እግሩን አንስቶ የነበረ እንዳነሳ፣ አፉን ከፍቶ የነበረ እንደከፈተ። ወግ ነዋ! ወንዙም ቆመ። ፏፏቴው ወርዶ ሳይጨርስ አየር ላይ ቆመ። ከፏፏቴው ጋር እየወረደ የነበረ አንድ ዓሣም ባለበት ተንጠልጥሎ “ወይ ጣጣ!” አለ።

“ምን አጠፋሁ?” አለ ወንዝ።

“አፈሬን መልስ!”

“የቱን አፈር?”

“ሆድህ ውስጥ ያለውን! ሆድህን እየው፤ ደፍርሷል!”

“አያ ተራራ፣ እኔ መንገዴን ነው የምሄደው። የተለቀቀ ነገር ሳገኝ ይከተለኛል። ና አላልኩትም።”

“የሰው በሬ ሲነዳ የተያዘም ተከትሎኝ መጣ ነው የሚለው” አለ ጭላዳው ከላይ ሆኖ። “ምን ያነጋግራል? ዳኛ ፊት ይቅረብ! በቁራኛ ይታሰር!”

የቁራኛን ነገር የማታውቁ ልጆች ካላችሁ ላስረዳ። በዚያ አገር ሁለት ሰዎች ሲካሰሱ፣ አንዱ ከአንዱ እንዳያመልጥ የኩታቸው ጫፍ ከጫፍ ተቋጥሮ፣ ጎን ለጎን እየሄዱ ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አንዱ ለብቻው ከቁጥቋጦ ጀርባ ዞር ሊል ቢፈልግ እንኳ ሁለቱም ይዞራሉ። ቋጠሮው የሚፈታው ዳኛው ሲፈርድ ነው። ወይም ተከሳሹ “በቀጠሮው ይመለሳል” ብሎ የሚቆምለት ዋስ ሲያገኝ ነው።

ጭላዳው ወረደና የተራራውን የጉም ኩታ ጫፍ ከወንዙ የአረፋ ነጠላ ጫፍ ጋር ቋጠረ። በእጁ አጠበቀ፣ በእግሩ አጠበቀ፣ በጥርሱ ደግሞ አጠበቀ።

“በሉ እንግዲህ ሂዱ” አለ። “ዳኛው ሐይቅ ነው፤ ከቆላው ማዶ ተኝቶ ታገኙታላችሁ።”

ተራራው ለመራመድ ተነሳ። እህ! አለ። አንድ ድንጋይ ተንከባለለ። ደግሞ እህህ! አለ። ዛፎቹ ተንቀጠቀጡ፣ ወፎቹ እየተሳደቡ ተነሱ። ለሦስተኛ ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ እህህህህ! አለ። ዓይኑን ሲገልጥ እዚያው ነው።

ወንዙ አንገቱን ቀና አድርጎ አየው። “አያ ተራራ፣ ለመሆኑ ከተፈጠርክ ጀምሮ ተራምደህ ታውቃለህ?”

“ፈልጌ አላውቅም እንጂ!”

“ታዲያ ዳኛው ጋ በምን ልንደርስ ነው?”

ተራራው ወደ ጭላዳው ዞረ። ጭላዳው ጎፈሩን አከከ፤ “ይችን እንኳ አላሰብኳትም” አለና ወደ ሣሩ ተመለሰ።

ይኸውላችሁ፤ ከሳሽ መሄድ አይችል፣ ተከሳሽ ካለ ከሳሽ መሄድ አይችል። ከላይ ከምንጩ የሚመጣው ውሃ ግን መምጣቱን አልተወም። እየመጣ የተራራው እግር ሥር ተጠራቀመ።

ከዚያ ግማሽ ቀን መንገድ ወረድ ብሎ አንዲት ኩሬ ነበረች። ወንዙ ሲያልፍ ነው የሚሞላት። በኩሬዋ ውስጥ እመት እንቁራሪት ልጆቿን ታሳድጋለች። ልጆቹ ገና ከእንቁላል የወጡ ናቸው፤ ራስና ጅራት ብቻ። እግር አላበቀሉም። ውሃው ቢደርቅ ዘለው የትም አይሄዱም፤ ጭቃ ላይ ይቀራሉ።

የመጀመሪያው ቀን ውሃው በኩሬዋ ዳር የቆመው ደንገል ወገብ ላይ ነበር። በሁለተኛው ቀን ጉልበቱ ላይ ወረደ። በሦስተኛው ቀን ቁርጭምጭሚቱ ላይ ደረሰ።

“እማዬ” አለች አንዷ ልጅ ወደ ላይ እያየች፣ “ሰማዩ ለምንድን ነው ወደኛ የሚቀርበው?”

“ሊያያችሁ ነው ልጆቼ። እንዴት አማራችሁበት!” አለች እናቲቱ።  ውሃውን በዓይኗ ለካችው፤ ከሁለት ቀን አያልፍም። የልጆቿን ገላ ዳሰሰችው፤ እግራቸው ሊወጣ ሦስት ቀን ይፈልጋል። አንዲት ቀን ጎደለቻት። በዓለም ላይ ያለ ቀን ሁሉ ተሰብስቦ፣ ለእሷ አንዲቷ ጎደለች።

“መሐሉ ላይ ተሰብሰቡ። አትንፈራገጡ፤ ውሃ አታባክኑ” አለቻቸውና በደረቀው የወንዝ አልጋ ወደ ላይ ወጣች። እንዴት ዘለለች መሰላችሁ! በአንዱ ዝላይና በሌላው ዝላይ መካከል ሰው በሬ ጠምዶ ሁለት ትልም ያርስ ነበር።

ከተራራው ሥር ስትደርስ ያን ሁሉ ውሃ ተገድቦ አየች። ተራራው እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ብርዱ ገብቶት ያስነጥሰዋል።

“ምን ሆናችሁ ነው?” አለች።

ሁለቱም እኩል ጀመሩ። አንዱ ሌባ ይላል፣ አንዱ ስሜን አጠፋ ይላል። እሷ ሦስት ጊዜ “ዝም በሉ!” አለች፣ በሦስተኛው ዝም አሉ።

“አያ ተራራ፣ ልጆቼ ሊደርቁብኝ ነው። ፍታውና ይሂድልኝ።”

“እመት እንቁራሪት፣ አዘንኩልሽ። ሕግ ግን ሕግ ነው። ዋስ ይጥራ።”

“እኔ ዋስ እሆነዋለሁ!”

ጭላዳው ሳቁ መጣበትና ሣሩ አፍንጫው ገባ። “አንቺ? ቤትሽ እኮ ኩሬ ነው፤ እሱም ሊደርቅ ነው። ነገ አንቺን የት ብለን እንፈልግሻለን? ደግሞስ ወንዝ ሄዶ ሲመለስ ያየ ማን ነው? ወደ ላይ የሚፈስ ወንዝ አይተሻል?”

እንቁራሪቷ ወደ ወንዙ ዞረች። “ትመለሳለህ?”

ወንዙ አፈረ። “እኔ እንጃ እህቴ። መሄዴን አውቃለሁ። ሐይቅ ስገባ እንቅልፍ ይወስደኛል። ከዚያ በኋላ ምን እንደምሆን አላስታውስም። ስነቃ ግን ሁልጊዜ እዚህ ከምንጩ አፍ ላይ ነኝ።”

“ሕልም ነው” አለ ጭላዳው።

እንቁራሪቷ ለጭላዳ መልስ የምትሰጥበት ጊዜ አልነበራትም። ዞራ ቁልቁል ወደ ዳኛው በረረች። “በረረች” ማለቴ ዘለለች፤ ግን ያያት ሁሉ ወፍ ናት ብሏል።

ሐይቅ ከቆላው ማዶ በጀርባው ተዘርግቶ ተኝቷል። ሽማግሌ ነው፤ ሆዱ ሰፊ፣ ንግግሩ ዝግ ያለ። እንቁራሪቷ ዳርቻው ላይ ስታርፍ በቀይ ጭቃ ውስጥ እስከ ሆዷ ሰመጠች።

“አቤት ጌታዬ ዳኛ! ቁራኛ ያስፈቱልኝ!” ብላ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳች።

ሐይቁ ሰማት። አንድ ጊዜ ሞገድ አደረገ፣ ከዚያ ተናገረ።

“ልጄ፣ ከሳሹ አይመጣ፣ ተከሳሹ አይመጣ፣ እኔም አልነሳ። ስነሳ የዚህ አገር ሰው ሁሉ ይሰምጣል። ስለዚህ ዋስ ነው የሚያዋጣው። ወንዙ እኔ ጋ መድረሱን እኔው አውቃለሁ፤ ይመጣል፣ ይተኛል። እንደተኛ ግን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያለ ይጠፋብኛል። የሚያነሳው አለ፣ የሚሸከመው አለ፣ የሚያወርደው አለ። መንገዱን ሙሉ ዋስ የሚሆን አንድ ሰው አታገኚም። ሦስቱ ግን እያንዳንዱ የየራሱን መንገድ ዋስ ነኝ ካሉ፣ በእኔ ቃል ቋጠሮው ይፈታ።”

“ማን ማን ናቸው?”

“ዳኛ ዋስ አይመርጥም። ፈልጊ። ደግሞ የተቀመጥሽበትን ጭቃ ልብ ብለሽ እዪው። ከደጋ የመጣ ነው። ወንዙ እኔ ጋ ሲደርስ የተሸከመውን ሁሉ እዚህ ያራግፋል። ምን እንደበቀለበት ተመልከቺ።”

እንቁራሪቷ ዞር ብላ አየች። ዳርቻው ሁሉ ደንገልና ለምለም ሣር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሰዎች የዘሩት ማሽላ እንደ ሰው ቆሟል። ከጭቃው አንድ ጉርሻ የሚያህል አፍሳ ጀርባዋ ላይ ለጠፈች። ከዚያ ቀና ስትል ከሐይቁ ላይ ቀጭን፣ ዓይን የማይዘው ነገር ወደ ላይ ሲነሳ አየች። የሚያነሳውን አገኘሁት አለች።

“እመት ፀሐይ! እመት ፀሐይ!”

“ምንድን ነው? ሥራ ላይ ነኝ!” አለች ፀሐይ። ቀትር ስለነበር ላብ በላብ ሆናለች።

“ወንዝን ታውቂዋለሽ?”

“እሱን አላውቀውም? በየቀኑ ከዚህ ሐይቅ የማነሳው ማን ሆነና! እንዴት ያለ እንቅልፋም መሰለሽ። ጭቃውን ትቶ፣ ጨውን ትቶ፣ ራቁቱን እንደ ትንፋሽ ሆኖ ይወጣልኛል። እኔ ባላሞቀው እዚያው ተኝቶ ይቀር ነበር።”

“ታዲያ ዋስ ሁኚው!”

“ወደ ማታ ቤቴ እገባለሁ፤ የሌት ዋስ ልሆን አልችልም።”

“ከሐይቁ እስከ ሰማይ ብቻ።”

“እስከ ሰማይ ከሆነስ ዋስ ነኝ! አሁን ከፊቴ ዞር በይ፤ ሳላስበው እንዳልጠብስሽ።” እውነትም የእንቁራሪቷ ጀርባ ላይ ያለው ጭቃ ደርቆ እንደ ገል ሆኖ ነበር።

ወደ ሰማይ ስታይ ደመናው ተሰብስቧል። በደመናው ሥር አንድ ሰው እያጉረመረመ፣ እያፏጨ፣ ጀርባውን እያሻሸ ይመጣል። ነፋስ ነው።

“አያ ነፋስ፣ የተሸከምከው ምንድን ነው?”

“እኔ ምን አውቄ! ሁልጊዜ እዚህ ስደርስ ያሸክሙኛል። ሲያዩት ጥጥ ነው፣ ሲሸከሙት እርሳስ! ጀርባዬ ተልጧል።”

“የት ነው የምታደርሰው?”

“የማደርሰውማ ሩቅ ነበር። ግን መንገድ ላይ አንድ ደንቃራ አለ። ወይ አይሄድ፣ ወይ አያሳልፍ! አንድ ቀን እንኳ እንደምን ዋልክ ብሎኝ አያውቅም። ስገፋው አይነቃነቅም፤ ስለዚህ ሸክሜን እንደያዝኩ እሱ ላይ መውጣት ነው። እየወጣሁ ስሄድ ይበርዳል፣ ጣቴ ይደነዝዛል፣ ሸክሙ ያመልጠኝና እላዩ ላይ ይፈሳል። ይበለው!”

እንቁራሪቷ አንድ ጊዜ ዘለለች። “ይህ ደንቃራ… መልኩ እንዴት ነው?”

“ራሱ ድንጋይ፣ ትከሻው ላይ አንድ ወሬኛ ጭላዳ የተጎለተበት።”

እመት እንቁራሪት ሳቀች። ሆዷ እስኪነፋ፣ የነፋው ሆድ እስኪያነጥራት ድረስ ሳቀች። “አያ ነፋስ፣ ተሸከመኝ! ከሸክምህ ላይ ጨምረኝ! ደግሞ ከሐይቁ ሰማይ እስከዚያ ደንቃራ ድረስ ለወንዝ ዋስ ነኝ በል!”

“ዋስ ነኝ፣ ዋስ ነኝ! ከመጣሽ ቶሎ ውጪ!”

እንቁራሪት ነፋስ ጀርባ ላይ፣ ደመና ውስጥ ተቀምጣ፣ አገር ከበታቿ እየሮጠ ስትሄድ ይታያችሁ። በኩሬዋ አናት ሲያልፉ ቁልቁል አየች። ኩሬ የሚባል ነገር የለም። መሐሉ ላይ አህያ ድሮ የረገጠው አንድ የኮቴ ጉድጓድ አለ፤ እዚያ ውስጥ ልጆቿ ተጣበው ጥቁር ሆነው ይርመሰመሳሉ። “ፍጠን!” ብላ ነፋስን በእግሯ ጎሸመችው። ነፋስ ጋልቦ የጎሸመው ሰው ከእሷ በፊትም ከእሷ በኋላም አልነበረም።

ከተራራው ራስ ላይ ደረሱ።

“አያ ተራራ! ሦስት ዋስ ይዤ መጣሁ! ዳኛው እንደዚህ ብሏል፦ የሚያነሳው፣ የሚሸከመው፣ የሚያወርደው ዋስ ነኝ ካሉ ይፈታ!”

“ጥሪያቸው እስቲ” አለ ጭላዳው።

“ዋስ ነኝ!” አለች ፀሐይ በደመናው ቀዳዳ ብቅ ብላ።

“ዋስ ነኝ!” አለ ነፋስ፤ ጭላዳውን ጎፈሩን ገልብጦ ዓይኑ ላይ ጣለበት።

“ሦስተኛውስ?”

እንቁራሪቷ እጇን ዘረጋች። “ይኸው! አያ ተራራ ራሱ!”

ተራራው ቀኝ ግራውን አየ። “እኔ?”

“ከሳሽ ለተከሳሽ ዋስ ይሆናል እንዴ!” ብሎ ጮኸ ጭላዳው። “የት አገር የተሰማ ነው?”

“አንተ ዝም በል፤ አፍህ ሙሉ ነው” አለችው። “አያ ተራራ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ራስህን የሚያረጥበው ዝናብ ከየት የሚመጣ ይመስልሃል?”

“ከላይ ነዋ።”

“ከላይስ ማን ያመጣዋል? ይህ ነፋስ! ለነፋስስ ማን ያሸክመዋል? ያቺ ፀሐይ! ፀሐይስ ከየት ታነሳዋለች? ከሐይቅ! ሐይቅ ማን ገባ? ይህ አንተ ያሰርከው! ሺህ ጊዜ ሄዷል፣ ሺህ ጊዜ ተመልሷል። በእግርህ በኩል ሄዶ በራስህ በኩል ስለሚመጣ ነው ያላወቅከው። ነፋስን የምታቆመው አንተ፣ ደመናውን የምታቀዘቅዘው አንተ፣ ዝናቡን የምታወርደው አንተ። አንተ ዋስ ካልሆንክለት በዓለም ላይ ዋስ የለውም!”

ተራራው አሰበ፣ አሰበ፣ አሰበ። እንቁራሪቷ በዚያ ሁሉ ጊዜ የአህያው ኮቴ ከዓይኗ አልጠፋም።

“አፈሬስ?” አለ ተራራው ቀስ ብሎ። “እሺ፣ እሱ ይመለሳል። አፈሬ ግን አልተመለሰም።”

እንቁራሪቷ ጀርባዋ ላይ የደረቀውን ጭቃ ፈልጣ አፍንጫው ሥር ጣለችው። ተራራው ጎንበስ ብሎ አሸተተው። “ደረቴ ነው! ይህ የግራ ደረቴ ነው!”

“ከሐይቁ ዳር ነው ያገኘሁት። አልጠፋም። ሣር አብቅሏል፣ ደንገል አብቅሏል፣ ማሽላ ተዘርቶበታል። አገር እያበላ ነው።”

“አያ ተራራ” አለ ወንዙ፣ “አንድ ነገር ልንገርህ። ሥር የያዘውን አፈር ሞክሬ ሞክሬ አቅቶኛል። እኔ የምወስደው የተነቀለውን ነው። እስቲ የሚነቅለውን ጠይቅ።”

ሁሉም ዞረው ጭላዳውን አዩት። ፀሐይ አየችው፣ ነፋስ አየው፣ ያ ፏፏቴው ላይ የተንጠለጠለው ዓሣ ሳይቀር አየው። የጭላዳው ጉንጭ ተነፍቷል። ከአፉ ዳር አንድ የሣር ሥር ከነአፈሩ ተንጠልጥሏል።

“እኔን ነው?” አለ። ሥሩን በችኮላ ዋጠው። ከኀፍረቱ የተነሳ ደረቱ ላይ ያለው ፀጉር ሁሉ ረግፎ ቆዳው ደም መሰለ። እስከ ዛሬ የጭላዳ ደረት ቀይ የሆነው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።

“ከዛሬ ጀምሮ ቅጠሉን ብላ፣ ሥሩን ተው!” ብሎ ተራራው አንጎደጎደ። ከዚያም ጉሮሮውን ጠረገ። ተራራ ሲያፍር አታዩም፤ እኔ ግን ነግሬያችኋለሁ፣ አፈረ። “ዋስ ነኝ” አለ። “ከነፋስ ጀርባ እስከ ምንጩ አፍ፣ ለወንዝ ዋስ ነኝ። ቀጠሮአችን በየክረምቱ ይሁን።”

ጭላዳው ቋጠሮውን ሊፈታ ሮጠ። በእጁ ሞከረ እምቢ አለ፣ በእግሩ ሞከረ እምቢ አለ፣ በጥርሱ ሞከረ፣ ጥርሱ ተነቃነቀ። ይህን ጊዜ ተራራው ከሆዱ የወጣ ረጅም ትንፋሽ “እፎይ!” ብሎ ለቀቀ። ጉሙ በትንፋሹ ሙቀት ላላ፣ ቋጠሮውም እንደ ቅቤ ቀለጠ።

የአምስት ቀን ውሃ ሊወርድ ወገቡን አነሳ። ወንዙ ተናድዶ ስለሰነበተ እንደ ኮርማ ነበር የሚያጓራው።

“ቁም!” አለች እመት እንቁራሪት፤ ከፊቱ ዘላ ገባች። “እንዲህ ሆነህ ብትወርድ ልጆቼን ጠራርገህ ነው የምትወስዳቸው! ታስረህ ሳለ በድርቅ፣ ተፈትተህ ደግሞ በጎርፍ ልትገድልብኝ ነው?”

“አምስት ቀን ታስሬያለሁ እኮ! ልሩጥበት!”

“አደራ! ስለ እኔ ብለህ! ሐይቅም ፀሐይም ለመንኩልህ፣ ነፋስ ጋለብኩልህ። ቀስ በል።”

ወንዙ አያት። ከአንድ እፍኝ የማትበልጥ ፍጥረት ከፊቱ ቆማ ትንቀጠቀጣለች። ንዴቱ በረደ። “ከፊት ከፊቴ ሂጂ” አላት። “እኔ እከተልሻለሁ።”

እሷ ትዘላለች፣ እሱ በሜዳው ተንጣልሎ፣ ድንጋዩን እየዞረ፣ ሣሩን እየደባበሰ ይከተላል። “ቀስ!” ትለዋለች። “እሺ” ይላታል። “ቀስ አልኩህ!” “እሺ አልኩሽ እኮ!” “ቀስ!” “ወይ ጉድ፣ ይህችስ ከቁራኛው ባሰች!”

ከኩሬዋ ሲደርሱ በአህያው ኮቴ ውስጥ የቀረው ውሃ አንድ ማንኪያ አይሞላም ነበር። ልጆቹ ዝም ብለዋል። ወንዙ እንደ ሌባ በጣቱ ጫፍ ብቻ ገባ፤ አንድ ቀጭን ክር ላከ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። ክሩ ኮቴውን ሞላ፣ ከኮቴው ተርፎ ጭቃውን ሸፈነ። እናቲቱ “ልጆቼ!” ብላ ጮኸች።

አንድ ጅራት ተነቃነቀ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ኩሬው ሁሉ በጅራት ተናጠ።

“እማዬ፣ ለምን ትጮሂያለሽ? ተኝተን ነበር እኮ!” አለች አንዷ።

እመት እንቁራሪት ከደንገሉ ሥር ቁጭ አለች። ሁለት ቀን ያልገባ ትንፋሽ ሁሉ ገባላት። ማልቀስ ፈልጋ ሳቅ መጣባት፤ ሁለቱንም አደረገችው። በማግስቱ ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ የልጆቿ ሆድ ግራና ቀኝ፣ የጤፍ ቅንጣት የምታህል የእግር ጫፍ ብቅ ብሏል።

“አሁን ነው የምታበቅሉት?” አለቻቸው። “ትናንት አትቸኩሉም ነበር?”

ጉዳዩ ግን አሁንም አልተዘጋም። በየክረምቱ ወንዝ ቀጠሮውን አክብሮ በነፋስ ጀርባ ይመጣል፣ ተራራም በአናቱ ይቀበለዋል፣ ከዚያ ይሸኘዋል። ደመና ተራራ ላይ ሲያንጎዳጉድ ከሰማችሁ አትፍሩ፤ ዋስ ነኝ እያለ ነው። እኔ ከዚህ የተማርኩት ይህን ነው፦ ከላይህ የሚወርደውን ውሃ ሌባ ብለህ ከማሰርህ በፊት፣ ትከሻህ ላይ ተቀምጦ ሣርህን የሚነቅለውን እይ። የሄደብህ የመሰለህም ነገር በየት በኩል እንደሚመለስልህ ሳታውቅ በሩን አትዝጋ።

በቃ፣ ጨረስኩ። ጥርሴም ይኸው አለች፣ አልወለቀችም።

ምን ታዩኛላችሁ? እሺ፣ እሺ። አንዲት ትንሽ ነገር ከራሴ ጨምሬያለሁ። የጭላዳው ደረት በኀፍረት ቀላ ያልኳችሁ ውሸት ነው፤ ከፊትም ቀይ ነበር። ጭላዳ አያፍርም። ሌላው ሁሉ እውነት ነው።